ቁጥሬን ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጎንደር የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ጎንደር አራዳ አካባቢ የሐበሻ ቀሚስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው በስልክ ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ደንበኞቼ የሚፈልጉትን ጥልፍ በቴሌግራም ፎቶ ይልኩልኛል። ልካቸውን በድምፅ ይነግሩኛል። ቀብድ በቴሌብር ያስገቡልኛል። ቁጥሬ በ09 የሚጀምር ነው፤ የሱቄ ታፔላ ላይም ተጽፏል።

ችግሬ ሁለት ነው። ሱቅ ውስጥ ስሆን ስልኬ ይቆራረጣል። «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» እያልሁ ወደ በር መሮጥ ነው። ሌላው የዳታ ወጪዬ ነው። ገና አሁን ገዛሁ ስል ፓኬጁ አልቋል የሚል መልእክት ይመጣል።

አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ይማራል። የሚጠቀመው ሳፋሪኮም ነው። «09ን ጣይው፣ 07 ፈጣንም ርካሽም ነው» እያለ ይነዘንዘኛል። ሲሙን በራሱ ስም አውጥቶ ሊሰጠኝም አስቧል። የእሱ ፓኬጅ ሲያልቅ ግን ከእኔ ስልክ ሆትስፖት አስከፍቶ ነው የሚጠቀመው። እናቴ ያለችው ቆላ ድባ አጠገብ ገጠር ነው። የያዘችው ቁልፍ ስልክ ነው፤ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሲም ከዓመታት በፊት ያወጣችልኝ ድሮ የምሠራላት ሴትዮ ናት። እስካሁን በእሷ ስም ነው። ደንበኞቼ ብር ሲልኩ የእሷ ስም ይመጣባቸዋል፤ ለምደውታል። እሱ እንኳ ችግር የለውም። ለመሆኑ ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ?

ሰፊዋ፣ ከአራዳ»

ሰፊዋ እህቴ፣ ሰላም ለአንቺም ለቤትሽም።

ወደ ኔትወርኩም ወደ ዳታውም እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን «እሱ እንኳ ችግር የለውም» ያልሽውን ነገር እናንሳ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ የከፋው ችግር እሱ ነው።

እስቲ አስቢው። ነገ ስልክሽ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ቢሰረቅ ምን ታደርጊያለሽ? ቁጥርሽን መልሰሽ ለማውጣት አገልግሎት መስጫ ማዕከል ትሄጃለሽ። መታወቂያ ይጠይቁሻል። መታወቂያሽ ላይ ያለው ስም ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ስም ጋር አይገጥምም። «የሲሙን ባለቤት ይዘሽ ነይ» ትባያለሽ። ሴትዮዋ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ብትሆንስ? ብትታመምስ? ልጆቿ ወደ ውጭ ቢወስዷትስ? ታፔላው ላይ ያለው ቁጥር፣ ቴሌብር ውስጥ የተቀመጠው ቀብድ፣ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ የሚመጣበት መስመር፣ ሁሉም የሰው መታወቂያ እየጠበቀ ነው።

ሴትዮዋን ክፉ ናት እያልሁ አይደለም። ሲሙን ያወጣችልሽ ልታግዝሽ ብላ ነው። ግን ሰው ይጣላል፤ ይሞታል፤ ወራሽ ይመጣል። መዝገቡ ላይ ደንበኛ ተብላ የተጻፈችው እሷ ናት። ነገ መታወቂያዋን ይዛ ሄዳ «ሲሜ ጠፋብኝ፣ ሌላ አውጡልኝ» ብትል ይወጣላታል። የአንቺ ስልክ እዚያው ቁጭ ባለበት ኔትወርኩ ድርግም ይላል።

ከዚህም ሌላ ማንም የማያስተውለው ነገር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በ2014 ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚባል ብድር፣ «እንደኪሴ» የሚባል የጎደለ የሚሞላ አገልግሎትና «ሳንዱቅ» የሚባል ቁጠባ አመጣ። ለብድሩ ቤት ወይም መኪና አታስይዢም። የሚታየው በሒሳቡ ውስጥ የገባውና የወጣው ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንቺ ሌት ተቀን ሰፍተሽ ቀብድ በተቀበልሽ ቁጥር መልካም የብድር ታሪክ የሚጻፈው ለማን ነው? ለሴትዮዋ። ጥር መጥቶ የሠርግ ትእዛዝ ሲደራረብ፣ ለጨርቅና ለክር መግዣ ትንሽ ብድር ብትፈልጊ፣ አንቺ ለሲስተሙ ማንም አይደለሽም። ወይ በእሷ ስም ትበደሪያለሽ፣ ያም የባሰ ጣጣ ነው።

ስለዚህ ከ09 እና 07 ምርጫ በፊት ሴትዮዋ ዘንድ ሂጂ። ስልክ አትደውዪላት፤ በአካል ሂጂ። «እትዬ፣ ሲሙን ወደ ስሜ ላዛውረው፣ አብረን አንድ ጠዋት እንሂድ» በያት። የብዙ ዓመት ነገር ስለሆነ ቅር እንዳይላት አሳምረሽ ተናገሪ። ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከል ብትቀርቡ ነገሩ ይቀላል። ከመሄድሽ በፊት ቴሌብር ላይ ያለውን ብር ወደ ባንክ ሒሳብሽ አውጪው። ሒሳቡ በማን ስም እንደሚቀጥልም እዚያው መስኮት ላይ አስረድተሽ ጠይቂ፤ «ይስተካከላል» ብለው ቢሸኙሽ አትውጪ፣ ተስተካክሎ እስኪታይ ቁሚ።

ደግሞ እዚህ ላይ ወንድምሽን ልቆጣው ነው። ሲም በራሱ ስም አውጥቶ ሊሰጥሽ? ከአንድ ሰው ስም ወጥተሽ ሌላ ሰው ስም ውስጥ ልትገቢ? ወንድም ነው፣ ደህና። ነገ ተመርቆ ሐዋሳ ወይ ጅማ ሥራ ቢያገኝስ? አዲስ ሲም የምታወጪ ከሆነ በራስሽ መታወቂያ፣ ራስሽ ቀርበሽ፣ ፎቶሽን ተነሥተሽ አውጪ። መንገድ ላይ ተመዝግቦ የሚሸጥ ሲም ቢያጋጥምሽም እለፊው። የማን ስም እንደሆነ አታውቂም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

ምርጫ ራሱ ለእኛ አዲስ ነገር ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስልክ ማለት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ ሙከራ ጀምሮ በመስከረም 2015 በይፋ ሥራ ሲገባ ጎንደር ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች መካከል ነበረች። ስለዚህ «07 እዚህ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልፎበታል። ይሠራል። ጥያቄው አንቺ መኪናሽ ፊት የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ይሠራል ወይ ነው። (የልብስ ስፌት መኪናሽን ማለቴ ነው።)

ይህን ደግሞ ወንድምሽ ማራኪ ላይ ሆኖ ሊነግርሽ አይችልም። ጎንደር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ አይደለችም። ኮረብታ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ዳገት ነው። ከአንቴናው ፊት ለፊት ያለው ሰፈር ሙሉ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ከጀርባው ቁልቁል ያለው ቤት ይጨልምበታል። በዚያ ላይ አራዳና ፒያሳ አካባቢ ያሉት የቆዩ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው። ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። የስልክ ሞገድ ደግሞ ሁለቱንም አይወድም። በተለይ ብረት ይመልሰዋል። «ወደ በር መሮጥ ነው» ያልሽው ነገር የሚጠቁመኝ ይህን ነው። በር ላይ ስትደርሺ የሚስተካከል ከሆነ፣ ጥፋቱ የቤቱ ሊሆን ይችላል። የቤት ጥፋት ከሆነ ደግሞ 07 ብታስገቢም ያው «ሃሎ፣ ሃሎ» ነው።

ስለዚህ ብር ሳታወጪ መፈተን ትችያለሽ። አንድ ቀን ወንድምሽን ሱቅ ጥሪው። የእሱን ሲም በአንቺ ስልክ፣ የአንቺን ሲም በእሱ ስልክ አስገቡ። ሁለታችሁም አንቺ ሁልጊዜ የምትቀመጪበት ቦታ ላይ ቁጭ በሉና ደውሉ፣ ፎቶ ላኩ። የእሱ 07 በአንቺ ስልክ ጥርት ብሎ ሲሠራ፣ የአንቺ 09 በእሱም ስልክ ከተቆራረጠ፣ ወንድምሽ ልክ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ 07 ይሻላል። ሁለቱም ከተቆራረጡ ቤቱ ነው፤ መኪናውን ወደ መስኮት ማስጠጋት ከሲም መቀየር ይረክሳል። የአንቺ ሲም በእሱ ስልክ ደህና ከሠራ ደግሞ ስልክሽ ነው ያረጀው።

አራተኛም አለ፤ ጎጂው እሱ ነው። ሲሙ ራሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት የወጡ አንዳንድ ሲሞች 4ጂ አይቀበሉም። የወንድምሽ ስልክ በራሱ ሲም 4ጂ እያሳየ፣ የአንቺን ሲም ስታስገቢበት 3ጂ ላይ ከቀረ ምልክቱ እሱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ሳይቀየር ሲሙ ብቻ በአዲስ ይተካል። ግን ለመተካት የባለቤቷ መታወቂያ ያስፈልጋል። ይኸው፣ ዞረን ሴትዮዋ በር ላይ ደረስን።

ፈተናውን በአንድ ሰዓት ብቻ አትወስኚው። ጠዋት ሁሉም ጥሩ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲያይ ሞክሪው። በገበያ ቀንም ሞክሪው። የጥምቀት ሰሞን ግን አትሞክሪ። ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሊልክ ሲነሣ የትኛውም አንቴና ይጨናነቃል። በዚያ ቀን ማንንም ብትፈርጂ ፍርድሽ ግፍ ነው።

ስለ ዳታው ደግሞ እቅጩን ልንገርሽ። ዳታሽን የሚበላው ወንድምሽ ነው።

እየቀለድሁ ነው፣ ግን ብዙም አይደለም። ሆትስፖት ስትከፍቺለት የእሱ ስልክ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። ዳታ ላይ ሲሆን የሚቆጥባቸውን ነገሮች ሁሉ ያን ጊዜ ይለቃቸዋል። አፕ ያድሳል፣ ፎቶ ወደ ጉግል ይጭናል፣ ቪዲዮውን በከፍተኛ ጥራት ይከፍታል። አንድ ምሽት ሆትስፖት የሚበላውን ዳታ አንቺ ሳምንቱን ሙሉ የጥልፍ ፎቶ ብትቀባበዪ አትጨርሺውም። ደግሞስ «07 ርካሽ ነው» የሚል ልጅ ለምን ከ09 ይለምናል? ይህን ጠይቂልኝ።

የቀረው የቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ሲጫን ጀምሮ የየቻናሉንና የየግሩፑን ፎቶና ቪዲዮ ሳትነኪው በራሱ ያወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ስለ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ክፈቺ፤ በሞባይል ዳታ ጊዜ በራሱ እንዳያወርድ አጥፊው። የደንበኛሽን ፎቶ ስትፈልጊ ነክተሽ ታወርጃለሽ። ከዚያ በስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ የትኛው አፕ ስንት ሜጋባይት እንደወሰደ የሚያሳየውን ገጽ እዪ። ሆትስፖትም እዚያው ለብቻው ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ያን ገጽ ለወንድምሽ አሳዪው።

ይህን ካስተካከልሽ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ወጪሽን በደብተር ያዢ። የቀሚስ ልክ የምትጽፊበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ይበቃል። መቼ ስንት ብር ሞላሽ፣ ምን ፓኬጅ ገዛሽ፣ መቼ አለቀ። ቀሪ ሒሳብሽን በ*804# ታያለሽ፤ ፓኬጆቹን በ*999# ታገኛለሽ። በሳፋሪኮም በኩል ደግሞ ወንድምሽ *777# ይደውልና ያሳይሽ። ስታወዳድሪ የአንዱን የቀን ፓኬጅ ከሌላው የወር ፓኬጅ ጋር አታስተያዪ። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መጠኑም የሚቆይበት ቀንም እኩል የሆነውን ከእኩያው ጋር አድርጊው።

የድምፅ ፓኬጅ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ደቂቃው ለራሱ ኔትወርክ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም? እናትሽ 09 ናት። ቀብድ በቴሌብር የሚልኩልሽ ደንበኞች 09 ናቸው። በ07 የገዛሽው ደቂቃ ወደ 07 ብቻ የሚያስደውል ከሆነ ለአንቺ ባዶ ነው። ከመግዛትሽ በፊት መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ስለ ዋጋ ሳወራ አንድ ነገር ልበል። ለዛሬ ዋጋ ብለሽ ለዓመታት የያዝሽውን ቁጥር አትጣዪ። ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 በመቶ ቀንሶ ነበር። በ2017 መግቢያ ደግሞ ጭማሪ መጣ። ሁለት ኩባንያ ሲኖር አንዱ ሌላውን እያየ ነው የሚያወጣው የሚያወርደው። ወንድምሽ ዛሬ የሚምልበት ዋጋ የዛሬ ዓመት ይኑር አይኑር ማንም አይምልልሽም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሲሙ ወደ ስምሽ ከዞረ 09ን አትልቀቂ። ፈተናው 07 በሱቅሽ ውስጥ የተሻለ መሆኑን ካሳየሽ ደግሞ 07ን ጨምሪ። ለዳታ ብቻ። ሁለት ሲም የሚቀበል ስልክ ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ ምናልባት የያዝሽው ራሱ ይቀበል ይሆናል። 09 ለጥሪ፣ ለቴሌብር፣ ለባንክ መልእክት ይቆይ። 07 ለቴሌግራምና ለፎቶ ይሁን። የቴሌግራም አካውንትሽ በ09 ቁጥር ተከፍቶ በ07 ዳታ ሊሠራ ይችላል፤ ደንበኛ ምንም አያውቅም። የሳፋሪኮም የገንዘብ መላኪያ ኤም ፔሳም በነሐሴ 2015 ሥራ ጀምሯል። በእሱ መክፈል የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣ በዚያው ትከፍቺለታለሽ።

ሁለት ሲም መያዝ ጣጣ የለውም አልልሽም። ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ሁለት ቦታ ካርድ መሙላት አለ። አንዳንዱ ስልክ ሁለተኛ ሲም ስታስገቢ የሚሞሪ ካርዱን ቦታ ይወስድብሻል፤ የጥልፍ ፎቶሽ ያለው ሚሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ አስቀድመሽ አስቢበት። በብዙ ስልክ ላይ በአንዱ ሲም እያወራሽ ሳለ ሌላው ሲም ለጊዜው ይተኛል፤ ስለዚህ በ09 ስታወሪ የ07 ዳታ ቢቆም አትደንግጪ። ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዳታ በየትኛው፣ ጥሪ በየትኛው እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ለይተሽ አስቀምጪ። ካልለየሽው ስልኩ በየጥሪው ይጠይቅሻል፤ በጥድፊያ አንዱን ትነኪያለሽ፤ እናትሽ በማታውቀው ቁጥር ተደወለላት ማለት ነው።

ሁለት ሲም ስለያዝሽ ኔትወርክ አይጠፋም ብለሽም አትተማመኚ። ሳፋሪኮም የራሱን ማማ ከመትከሉ ሌላ ከኢትዮ ቴሌኮምም ማማ ይከራያል። መብራት ለረዥም ሰዓት ጠፍቶ የማማው ባትሪ ሲደክም ሁለቱም አብረው ሊጠፉ የሚችሉበት ቦታ አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ ታስታውሻለሽ። 09 ነው 07 ነው አላለም። ያን ዓይነቱን ነገር በሲም ምርጫ አታመልጪውም። የሚያዋጣው የደንበኞችሽን ስምና ስልክ፣ የያዝሽላቸውን ትእዛዝ ከቴሌግራም ውጭ በደብተርሽም ላይ መያዝ ነው። ዳታ ሲጠፋ ቢያንስ ደውለሽ «ቀሚሱ ደርሷል» ትያለሽ።

እናትሽን ተዪያት። እሷ ያለችበት ቦታ ያለውን መስመር ለምዳዋለች፤ ምንም አትንኪባት። ኢትዮ ቴሌኮም ገጠር የገባው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ሳፋሪኮም የጀመረው ከከተማ ነው። ለማወቅ ከፈለግሽ በሚቀጥለው ወደ ቆላ ድባ ስትወርዱ ወንድምሽ ስልኩን ይያዝና መንገዱን ሙሉ ይየው። ለአንቺ ግን ይህ ውሳኔ ላይ ብዙ አይጨምርም።

አሁን የሚያስፈራኝን ልናገር። ሴትዮዋ እምቢ ብትልስ? ወይም ብትፈልጊያትም ባታገኚያት? ያን ጊዜ ምክሬ ይገለበጣል። ቁጥሩን ቀይሪ። በ09 ሌላም ይሁን በ07፣ ብቻ በራስሽ ስም የሆነ አዲስ ቁጥር አውጪ። የሰው ንብረት ላይ ታፔላ እየጻፍሽ አትኑሪ። ቴሌብር ደንበኞችሽ የሚከፍሉበት ዋናው መንገድ ስለሆነ እኔ ብሆን አዲሱንም 09 አደርገው ነበር። ምርጫው ግን የአንቺ ነው።

መቀየር ካለብሽ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። አሮጌው ሲም ገና እየሠራ እያለ ነው ሁሉም የሚያልቀው። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር ቀይር የሚል አለ፤ በእሱ ስትሄጂ ንግግሮችሽም ደንበኞችሽም አብረው ይሻገራሉ። አዲስ አካውንት የሚከፍት ሰው ነው ሁሉን የሚያጣው። ከዚያ ባንክሽ ቅርንጫፍ መታወቂያ ይዘሽ ሂጂና የተመዘገበውን ስልክ አስቀይሪ፤ ገንዘብ ገባ ወጣ የሚለው መልእክት በአሮጌው ቁጥር ለሌላ ሰው እንዳይደርስ። ፋይዳ ካወጣሽ እዚያም የተመዘገበው ስልክ ይታይ፤ ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በእሱ ነው። ዋትሳፕና ፌስቡክም እንደዚሁ። ለደንበኞችሽ ጽሑፍ ብቻ አትላኪ። ቁጥሬ ተቀየረ የሚል ጽሑፍ ዛሬ ሰው አያምንም፤ ሌባ ነው ይላል። በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ ላኪ፤ ድምፅሽን ያውቁታል። ታፔላውን ከሁሉ በኋላ አስቀቢው። አሮጌውን ሲም ደግሞ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ፋሲካ በስልክሽ ውስጥ አቆዪው፤ አልፎ አልፎ ካርድ ሙዪበት፣ ደውዪበት። ለረዥም ጊዜ ያልተነካ ሲም ይዘጋል። ቁጥሩም ዞሮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ሰው የአንቺን ደንበኛ ጥሪ ሲያነሳ አስቢው።

ቅሬታ ካለሽ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ወደ ሳፋሪኮም 700 ትደውያለሽ። ስትደውዪ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፈሽ ያዢ፤ «ኔትወርክ የለም» ብቻ የሚል ቅሬታ ቶሎ ይረሳል። መፍትሔ ካጣሽ ከበላያቸው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው። የደንበኛን አቤቱታ መስማት ከሥራዎቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ ግን ኩባንያው ራሱ ሊጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ነገር ወንድምሽን የሚያስደስት ነው። እሱ ሆትስፖት፣ አንቺ ፎቶ፣ ሁለታችሁም በየወሩ የምታወጡት ብር በደብተሩ ላይ ሲደመር ብዙ ሆኖ ከተገኘ፣ የዋይፋይ መስመር ዋጋ ጠይቁ። ቤታችሁና ሱቅሽ አንድ ግቢ ወይም አጠገብ ለአጠገብ ከሆነ በተለይ። ሱቁ ውስጥ ዋይፋይ ካለ የድንጋዩ ግድግዳ ለቴሌግራም ችግር መሆኑ ያበቃል። ወርሐዊ ክፍያውን ለሁለት ብትካፈሉት ለእሱም ፍትሕ ነው፤ ተማሪ ነኝ ካለ ግማሹን በክር ማጠንጠን ይክፈል። መስመሩ በግድግዳው በኩል ስለሚገባ ግን ከማመልከትሽ በፊት አከራይሽን ጠይቂ። ውሉም በአንቺ ስም ይሁን።